በማዕዘን መዘጋት የሚመጣ ግላኮማ እና የዘር ተጋላጭነቱ

በማዕዘን መዘጋት የሚመጣ ግላኮማ፣ የዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበት ማዕዘን በአይሪስ ተሸፍኖ የዓይን ግፊት ሲጨምርና የእይታ ነርቭ ሲጎዳ የሚከሰት በሽታ ነው። ማዕዘኑ ድንገት ከተዘጋ ዓይን ይቀላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ያስመልሳል። ቀስ እያለ ሲዘጋ ግን ሕመም ስለሌለው የጎን እይታ እስኪጠብ ብዙዎች አይነቁም።

ከወላጅ ወደ ልጅ በአብዛኛው የሚተላለፈው የዓይን ቅርጽ ነው፦ አጠር ያለ ዓይን፣ ጥልቀት የሌለው የፊት ክፍል፣ ወፍራም ሌንስ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በግሪንላንድ ኢኑይት ቤተሰቦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የፊት ክፍሉ ጥልቀት በአብዛኛው በዘር እንደሚወሰን አመልክተዋል። በ2012 በእስያ ሕሙማን ላይ በተደረገ ሰፊ ጥናት ፕሌክሃ7 እና ኮል11ኤ1 የተባሉትን ዘረመሎች ጨምሮ ሦስት የተጋላጭነት ሥፍራዎች ተለዩ። በ2016 የ10,503 ሕሙማን መረጃ ተሰብስቦ ሌሎች አምስት ተጨመሩ። መረጃው ከ24 አገሮች የመጣ ቢሆንም አፍሪካ አልነበረችበትም። እያንዳንዱ የዘረመል ልዩነት ተጋላጭነትን የሚጨምረው በጥቂቱ ስለሆነ፣ በደም ናሙና ብቻ ማን እንደሚታመም መናገር አይቻልም። ኤምኤፍአርፒ እና ፒአርኤስኤስ56 የተባሉት ዘረመሎች ግን ይለያሉ። ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ቅጂ የወረሰ ልጅ በጣም ትንሽ ዓይን ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ዓይን ማዕዘኑ በቀላሉ ይዘጋል።

በኢትዮጵያ ሐኪሞች በተደጋጋሚ የሚያዩት ኤክስፎሊየሽን የሚባለው ችግር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ለሞራ ቀዶ ሕክምና ከቀረቡ ሕሙማን 39 በመቶ ያህሉ ነበረባቸው። በዚህ ችግር የሌንስ ማሰሪያ ክሮች ሊላሉ፣ ሌንሱ ወደፊት ሊገፋና ማዕዘኑ ሊጠብ ይችላል። ሎክስኤል1 የተባለው ዘረመል ከዚህ ችግር ጋር መያያዙ እ.ኤ.አ. በ2007 በአይስላንድና በስዊድን በተደረገ ጥናት ታወቀ። በጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ላይ ግን ተጋላጭነትን የሚጨምረው የዘረመሉ ልዩነት በአውሮፓውያን ከታየው ተቃራኒ ሆነ። የአንዱን አገር የዘረመል ውጤት ለሌላው መገልበጥ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ስለሚተላለፍ፣ ለምሳሌ ሞያሌ ላይ፣ ወንድምና እህት በኬንያና በኢትዮጵያ በኩል ተከፋፍለው በሚኖሩበት ከተማ፣ የቤተሰብ ታሪክ ሲጠየቅ የወሰን ማዶ ዘመድም መካተት አለበት። የሕመምተኛ ወንድሞችና እህቶች በተለይም ዕድሜያቸው ከ40 ሲያልፍ ጎኒዮስኮፒ በተባለው የማዕዘን ምርመራ ይታያሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ብሌንን ስለሚያሰፋ የዓይን ማዕዘኑ ጠባብ ለሆነ ሰው ጫት አይመከርም። ጠባብ ሆኖ የተገኘው ማዕዘን፣ እንደ ሁኔታው፣ አይሪስን በጨረር በመብሳት ወይም ሌንስን በማውጣት ይከፈታል።