ሴንትራል ኒውሮሳይቶማ
በአንጎል የጎን ክፍተቶች (ቬንትሪክሎች) ውስጥ የሚያድግ፣ እምብዛም የማያጋጥም ዕጢ ነው። ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ የተገለጸው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። በብዛት የሚታየው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ሲሆን፣ የአንጎልን ፈሳሽ መተላለፊያ ሲዘጋ ራስ ምታት፣ ማስታወክና የዕይታ ብዥታ ያስከትላል።

ሲቲ ስካን ብዙ ጊዜ በዕጢው ውስጥ የካልሲየም ክምችት ያሳያል። ይበልጥ የሚረዳው ግን ኤምአርአይ ነው፦ ቲ2 በሚባለው ምስል ዕጢው ሁለቱን ክፍተቶች ከሚለየው ስስ ግድግዳ ተጣብቆ፣ በውስጡ ባሉት ትናንሽ ከረጢቶች የተነሣ የሳሙና አረፋ መስሎ ይታያል። በኤምአር ስፔክትሮስኮፒ የግላይሲን ምልክት ከተገኘ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሰብኤፔንዲሞማን የመሰሉ ሌሎች ዕጢዎች ሊያሳስቱ ስለሚችሉ ግን በምስል ብቻ መወሰን አይገባም፤ ምርመራው የሚረጋገጠው ከዕጢው በተወሰደ ናሙና፣ በተለይም ሲናፕቶፊዚን የተባለው ፕሮቲን ሲገኝበት ነው።