ከጎሽ ቆዳ ጋሻ እስከ በረኛ ጓንት

ኢሉባቦር ውስጥ የልደት በዓል የሚውለው ከቡና ለቀማው መሀል ነው። ጥቅምት ላይ መቅላት የጀመረው ቡና ታኅሣሥ ሲገባደድም ተለቅሞ አያልቅም። ግማሹ በየደጁ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ግማሹ ጫካ ውስጥ ለቃሚ ይጠብቃል። አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ የመቱ ከተማን ሰው ጫማ የሚያስከብደው ቀይ ጭቃ በዚያ ሰሞን እንደ አውድማ ጠንክሯል። ሶር ወንዝ ጎድሏል፤ ከብቱም በታጨደ ማሳ ላይ ተለቋል። ለሩጫም፣ ለዱላም፣ ለኳስም ከዚህ የተመቸ ወቅት አይገኝም።

ድሮ ደግሞ ለጨዋታው የሚያመች ሌላም ነገር ነበር። ጎሬ የግዛቱ መናገሻ፣ መቱ ገና ትንሽ የገበያ ቦታ በነበረችበት ዘመን የአካባቢው ቡና ወደ ውጭ ይወጣ የነበረው በጋምቤላ ነው። እንግሊዞች በ1902 እ.ኤ.አ. ከአፄ ምኒልክ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ አግኝተው ነበርና፣ በበቅሎ የተጫነው ቡና ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ወደ ካርቱም የሚሄደው መርከብ ግን የሚመጣው በክረምት፣ ባሮ ሲሞላ ብቻ ነው። በገና ሰሞን የተለቀመ ቡና መርከብ ለማግኘት ግማሽ ዓመት ይጠብቃል ማለት ነው። ባለቤቱም ለአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ለቃሚውን ቢለቅ የሚጎድልበት ነገር አልነበረም።

ጨዋታው ገና ነው። የአካባቢው ኦሮሞ ቅሌ ይለዋል፣ በዓሉንም አያና ቅሌ ብሎ በጨዋታው ስም ይጠራዋል። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት ጉጥ የተጠረበ ወይም በጠፍር የተሰፋ ጥንግ፣ ከዚያም ሁለት ጎራ፦ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር፣ ያገባና ያላገባ፣ አንዳንዴም ሁለት ሙሉ ቀበሌ። በመንደሩ ጨዋታ የተሰላፊው ቁጥር አይገደብም። ግቡም እንደ ዛሬው ስታዲየም መረብ የተወጠረበት አይደለም፤ ወዲያ ማዶ ያለው ጅረት ወይም የሜዳው ጠርዝ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ የማይገኝ ሰው አለ፤ በረኛ። ጥንጉን የማስቆም ግዴታ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አልወደቀም፣ ስለዚህም ሲሸነፉ የሚወቀስ አንድ ሰው የለም። የገና ደጋፊ ሲከራከር የሚሰማው ማን መታ፣ ማን ሮጠ፣ ማን ዱላውን ከጉልበት በላይ አነሳ የሚለው ነው።

መከላከያ ልብስም የለም። ተጫዋቹ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ ብዙውን ጊዜ በባዶ እግሩ ይገባል። ጥንጉ መሬት ለመሬት ሲሄድ ሃያ ዱላ አንድ ቦታ ላይ ይወርዳል፤ ግማሹ የሚያርፈው ቅልጥም ላይ ነው። ቁርጭምጭሚት ይወልቃል፣ ጣት ይሰበራል፣ ጥንጉ ከተነሳ ጥርስ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ የተዘጋጀው ወጌሻ ነው። ቅቤውን ይዞ ሜዳ ዳር የሚቀመጠው ይህ ሰው በኋላ ዘመናዊው እግር ኳስ ሲመጣ ስሙንም ሥራውንም ይዞ ወደ ቡድኖች ተሻገረ፤ ዛሬም የክለብ ወጌሻ ሲሮጥ የምናየው እሱን ነው።

ተጫዋቹን የሚጠብቀው ሌላው ነገር በእጅ አይያዝም። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም ይባላል። በሌላ ቀን አሽከር የጌታውን ቅልጥም ቢመታ የሚደርስበትን ሁሉም ያውቀዋል። በሌላ ቀን የሰው እግር የሰበረ ሽማግሌ ያስቀምጣል፣ ካሳ ይከፍላል፣ ቤተሰቡም ለዓመታት ይኮራረፋል። በገና ዕለት ግን ስብራቱ እዚያው ሜዳው ላይ ይቀራል። ይህን ሕግ የደነገገው ማን እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም፣ ግን ከብዙ የተጻፈ ሕግ በተሻለ ሲከበር ኖሯል። ቂምን ከለከለ እንጂ ስብራትን ግን አልከለከለም።

ይህ ሲባል የእኛ ሰው ለጨዋታ መከላከያ አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። ፈረስ ጉግስን ማየት ነው። በጉግስ አንዱ ፈረሰኛ ይሸሻል፣ ሌላው በግልቢያ ተከትሎ ዘንግ ይወረውራል። ሸሺው ዞሮ ጀርባውንና ራሱን የሚከልለው በጋሻ ነው። ጋሻው የጎሽ፣ የጉማሬ ወይም የአውራሪስ ቆዳ ነው፤ እርጥቡ ቆዳ በቅርጽ ላይ ተወጥሮ ሲደርቅ መሀሉ ወደ ውጭ የጎበጠ ክብ ይሆናል፣ ከውስጥ በኩል የእጅ ማንገቻ ይገባለታል። ጉብታው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዘንግ ሲያርፍበት አንሸራትቶ ይጥለዋል። ከጎሬ ወደ ባሮ ሲወርዱ ያለው ቆላ ጎሽና ዝሆን ሞልቶበት ስለነበር የኢሉባቦር ሰው ለጋሻ የሚሆን ቆዳ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም ነበር። ይልቅስ የሚቸግረው ፈረሱ ነው፤ ቆላው የገንዲ አገር በመሆኑ ፈረስ አይበረክትም፣ ጉግስም የደገኛው ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ፈረሰኛው ጋሻ ሲይዝ የገና ተጫዋች ቅልጥሙን ለምን በቆዳ አልሸፈነም? ቆዳ አልጠፋ፣ ጠፍር አልጠፋ፣ ሰፊም አልጠፋ። ለእኔ መልሱ ያለው ሜዳ ዳር ከቆመው ተመልካች ዘንድ ነው። ጋሻ የማዕረግ ዕቃ ነበር። የመኳንንቱ በከፋይ ተለብጦ በብር ይንቆጠቆጣል፣ ራስ ተሰማ ናደው ከጎሬ ሆነው ኢሉባቦርን ሲገዙ ጋሻ ጃግሬ ያላስከተለ ሹም አይታይም ነበር። ጋሻ የያዘውን ፈሪ የሚል የለም። ቅልጥሙን በቆዳ ጠቅልሎ ለገና የሚመጣ ጎረምሳ ግን ጥንጉ ሳይነሳ ሳቅ ይቀበለዋል። አደጋው በሁለቱም ጨዋታ አለ፤ የተለያየው ተመልካቹ ለመከላከያው የሰጠው ስም ነው።

ከእኛ እጅግ ርቀው የሚኖሩትም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በካናዳ ገናን የሚመስል ጨዋታ በበረዶ ላይ ይጫወታሉ፤ የበረዶ ሆኪ ይባላል። በጥንግ ፋንታ 170 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠፍጣፋ የጎማ ክብ አለ፣ በኃይለኛ መቺ ዱላ ሲመታ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። የእነሱ ጨዋታ በረኛ አለው። በሩ ወርዱ ከ2 ሜትር፣ ቁመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል ያነሰ ነው፤ በረኛው እዚያ አጎንብሶ ያንን ጎማ በገላው ያስቆማል። እግሩ ላይ ወፍራም የቆዳ ትራስ፣ እጁ ላይ ጓንት፣ ደረቱ ላይ መከላከያ ነበረው። ፊቱ ግን ለረጅም ዘመን ባዶ ነበር።

የሞንትሪያል ካናዲየንስ በረኛ ዣክ ፕላንት በልምምድ ላይ ጭምብል ያደርግ ነበር። አሠልጣኙ ቶ ብሌክ ግን በውድድር ላይ አልፈቀዱለትም፤ ዕይታውን ይጋርደዋል፣ ድፍረቱንም ይቀንሰዋል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1959፣ በእኛ ጥቅምት 21 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ኒውዮርክ ላይ የሬንጀርሱ አንዲ ባትጌት የመታው ጎማ ፊቱን ሰነጠቀው። ፕላንት ወጥቶ ተሰፋ። በዚያ ጊዜ ቡድኖች ተጠባባቂ በረኛ ይዘው አይቀመጡም ነበር፤ ጨዋታው ቆሞ የሚጠበቀው እሱው ነው። ያለ ጭምብሌ አልገባም አለ። ብሌክ ሌላ ሰው ስላልነበራቸው እሺ አሉ። የፋይበርግላስ ጭምብሉን አጥልቆ ገባ፣ ቡድኑም አሸነፈ፣ በዚያው የውድድር ዘመን ካናዲየንስ የስታንሊ ዋንጫን ወሰደ። ከዚህ በኋላም እንኳ ፊቱን ሳይሸፍን የሚጫወት በረኛ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስ በትልቁ ሊግ ውስጥ አልጠፋም ነበር።

በእግር ኳስም ነገሩ ከዚህ አልፈጠነም። የኖቲንግሃሙ ሳም ዊዶውሰን የክሪኬት የእግር መከላከያ ቆርጦ ቅልጥሙ ላይ ያሰረው በ1874 እ.ኤ.አ. ነው፤ የቅልጥም መከላከያ በጨዋታው ሕግ ግዴታ የሆነው ግን በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ መቶ አሥራ ስድስት ዓመት! በ2006 እ.ኤ.አ. የቼልሲው በረኛ ፒተር ቼክ ከሬዲንግ ጋር ሲጫወት የተቃራኒ ተጫዋች ጉልበት የራስ ቅሉን ሰብሮታል። በቀጣዩ ጥር የራግቢ ቆብ አጥልቆ ተመለሰ፣ ጫማ እስኪሰቅልም አላወለቀውም። በ2019 እ.ኤ.አ. ኳሱን ሲተው ደግሞ የት ሄደ ቢባል የበረዶ ሆኪ በረኛ ሆነ፤ ጊልድፎርድ ፊኒክስ ለሚባል የእንግሊዝ ቡድን በመጀመሪያ ጨዋታው ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የበረኛ ወሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ዘግይቶ የመጣ ነው። መቱ እንደ ሌላው የአገሪቱ ከተማ ሁሉ ሕፃናቷ ድንጋይ በር አድርገው፣ ካልሲ ጠቅልለው ኳስ ሠርተው ሲጫወቱ በር ላይ የሚቆመው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይታወቃል፤ ታናሽየው፣ ወይም ሩጫ የማይሆንለት። ትልቁ ተጫዋች ወደ በር የሚሄደው ሲደክመው ነው። ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ ሰው የያዘው የአጥቂዎቹን ስም ብቻ የሆነው። ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ግርማ ተክሌ። አራቱን ጎል ያገቡት እነሱ ናቸውና አይፈረድም። በሩ ላይ የነበረው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ግን ሲነሳ እምብዛም አይሰማም። ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀድመው ነበር፣ መደበኛው ሰዓት ያለቀውም 2 ለ 2 ነው። በጭማሪው 30 ደቂቃ ኢታሎና መንግሥቱ ሲያገቡ በዚያኛው በር ምንም አልገባም። 4 ለ 2 ከሚለው ቁጥር ውስጥ ግማሹ የበረኛ ሥራ ነው፤ ይህን ግማሽ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው።

ልክ በዚያው ቀን፣ ከ51 ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ሁሉም ሰው ስለ በረኛ አወራ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ የዋንጫው ባለቤት የነበረችውን ዛምቢያን ገጠመች። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት መትቶ የዛምቢያው በረኛ አዳነበት። ብዙም ሳይቆይ ኳስ ከተከላካይ ጀርባ ወደቀ፣ ጀማል ጣሰው ከበሩ ወጥቶ እግሩን ከፍ አድርጎ ዘለለ፣ ቺሳምባ ሉንጉን መታ። ራሱም ተጎድቶ ወደቀ። ቀይ ካርዱ የወጣበት ቃሬዛ ላይ እያለ ነው። ዘሪሁን ታደለ ገባ፣ ዛምቢያ ከእረፍት በፊት አገባች፣ አዳነ ግርማ ከእረፍት መልስ አቻ አደረገ። በአሥር ሰው አንድ ነጥብ ተገኘ።

ይህ ካርድ ዛሬም በየጠጅ ቤቱና በየሻይ ቤቱ ይነሳል። መቱ ውስጥም ክርክሩ ሁለት ወገን አለው። አንዱ ወገን ጀማል ኳሷን ቀድሞ ለመንካት የወጣ ደፋር በረኛ ነው፣ ቃሬዛ ላይ ያለ ሰው ይቀጣል ወይ ይላል። ሌላው እግር በሰው ደረት ልክ ተነስቶ ካርድ አይገባም ማለት ከገና ሜዳ ይዘነው የመጣን ልማድ ነው ባይ ነው። እኔ የምስማማው ከሁለተኛው ጋር ነው። መውጣቱ ትክክል ነበር፤ በረኛ ሆኖ በዚያ ኳስ ላይ ቆሞ የሚያይ ካለ እሱ ነው የሚወቀሰው። የእግሩ ከፍታ ግን ዳኛውን ምርጫ አሳጣው። የበረኛ ድፍረት እንደ ገና ተጫዋች ድፍረት አይለካም፤ በረኛው ከሜዳ ከወጣ ቡድኑ የሚጎድለው ሌላ ሰው ሊሞላው የሚከብድ ቦታ ነው።

ከስምንት ቀን በኋላ ይኸው በጉልህ ታየ። ጥር 21 ከናይጄሪያ ጋር በነበረው የመጨረሻ የምድብ ጨዋታ በሩ ላይ የቆመው ሦስተኛው በረኛ ሲሳይ ባንጫ ነበር። ቪክቶር ሞሰስ በ80ኛው ደቂቃ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት አገባበት። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፣ ሲሳይም ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጣ። የበረኛ መለያና ጓንት ያጠለቀው አማካዩ አዲስ ህንጻ ነው። ሞሰስ መታ፣ ገባ፣ 2 ለ 0 አለቀ። በመቱ ክርክር ውስጥ አዲስ ህንጻን የሚወቅስ ግን እስካሁን አልሰማሁም።