የጨረቃ ገጽ በስሎተርቫርት ግድግዳ

የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በ1969 ኔዘርላንድስን በጎበኙበት ወቅት፣ የአሜሪካው አምባሳደር ለቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ለቪለም ድሬስ አንድ ድንጋይ ሰጡ። ድሬስ ካረፉ በኋላ ስጦታው አምስተርዳም ወደሚገኘው ራይክስሙዚየም ገባ፤ ከጨረቃ የመጣ ነው ተብሎም ለሕዝብ ታየ። በ2009 ሲመረመር ግን ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት ሆኖ ተገኘ።

ጨረቃን ቤቱ ማኖር ለሚሻ ሰው ፎቶግራፍ ይሻላል። የናሳ ምስሎች በአብዛኛው የቅጂ መብት ስለሌለባቸው ማንም አውርዶ ያሳትማቸዋል። ከእነዚህ መካከል ታሪካቸው የሚስበው በ1966 እና በ1967 አምስቱ ሉናር ኦርቢተር መንኮራኩሮች ያነሷቸው ናቸው። መንኮራኩሮቹ ፊልሙን እዚያው ጨረቃን እየዞሩ ካጠቡ በኋላ፣ በቀጭን በቀጭኑ እየቃኙ በሬዲዮ ወደ ምድር ላኩት። በምስሎቹ ላይ የሚታዩት ትይዩ መስመሮች የዚያ ስፌት ናቸው። ምልክቱን የተሸከሙት ቴፖች ለዓመታት ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ፣ ከ2008 ጀምሮ የታደሱት ካሊፎርኒያ ውስጥ በተዘጋ የማክዶናልድ ሃምበርገር ቤት ነው! ለማሳመር ብሎ መስመሮቹን የሚያጠፋ አሳታሚ የምስሉን ልደት ያጠፋል።

ማሳተሚያው አክሪሊክ በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ ፕሌክሲግላስ በሚል ስም ገበያ ላይ የዋለ፣ መስተዋት መሳይ ፕላስቲክ ነው። ፎቶውን ከጀርባው በሲሊኮን የመለጠፍ ብልሃት፣ ዲያሴክ የሚባለው፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ የተፈለሰፈው ሰው ጨረቃን በረገጠበት ዘመን ነው። ጥቁሩን ያጠልቀዋል፤ ለጨረቃ ሰማይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አይፈለግም።

ስሎተርቫርት ላይ ግን ችግር አለ። ሰፈሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራው ኮርኔሊስ ፋን ኤስተረን በ1930ዎቹ በመሩት የአምስተርዳም ማስፋፊያ ፕላን መሠረት ነው። ዓላማው ለሠራተኛው ቤተሰብ ብርሃን፣ አየርና ሰፊ ቦታ መስጠት ነበር። አክሪሊክ ደግሞ ያንጸባርቃል፤ ከትልቅ መስኮት ፊት ለፊት የተሰቀለ ጥቁር ሰማይ ቀኑን ሙሉ የጎረቤትን ፎቅ ሲያሳይ ይውላል። ከመስኮቱ ጎን ያለው ግድግዳ ይሻላል።

የምስሉ ጥላም መታየት አለበት። ዓይናችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚገምት፣ ምስሉ ተዘቅዝቆ ከተሰቀለ ጉድጓዶቹ ጉብታ መስለው ይታያሉ። ሲያዞሩት መልሰው ይሰምጣሉ።