ኮልፌና ቀራንዮ፤ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም

ደብራችን የኢዮቤልዩ በዓሉን በሚያከብርበት ወራት ስለ ጦርነት መጻፍ ለደስታ ቀን የማይስማማ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን ኢዮቤልዩ በኦሪት የታዘዘው ባሪያው አርነት እንዲወጣ፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ነውና የሰላም በዓል ነው። ስለ ሰላም የሚናገር ሰው ደግሞ ስለ ጦርነት የተጠየቀውን ሳይመልስ ሊያልፍ አይገባውም።

ይህንንም እንድጽፍ ያስነሣኝ የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነት ካበቃ በኋላ፥ አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ ወደ እኔ ቀርበው «የኔታ፥ ልጄ ከዘመቻ በደኅና ገብቶልኛል፤ ነገር ግን ከመጣ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አያልፍም። እጄ ንጹሕ አይደለም ይላል። ምን ልበለው?» አሉኝ። ያን ጊዜ የመለስኩላቸው አጭር ነበር፤ የቀረውን እነሆ ዛሬ እጽፈዋለሁ።

ቅዱስ ባስልዮስ በጦርነት የገደለውን ወታደር እንደ ነፍሰ ገዳይ አልቈጠረውም፤ ሆኖም ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ርቆ እንዲቈይ መክሯል። በዚህ ምክር ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፥ ስለ ሀገርና ስለ ደካማው ብሎ መዋጋት ከነፍሰ ገዳይነት የተለየ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ጦርነት ግድ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ የዚያ ወጣት ጭንቀት የሕሊናው መንቃት ነው እንጂ እብደት አይደለም።

እንግዲህ ግድ የሆነው ጦርነት ከማይገባው በምን ይለያል? ከአባቶች ታሪክ እንደ ተረዳሁት በሦስት ነገር ይመዘናል፤ ይኸውም አስቀድሞ ሰላምን በመሻት፥ በጦርነቱ ውስጥ ድል የተነሣውን በመማር፥ ከጦርነቱም በኋላ የበቀልን በር በመዝጋት ነው።

በዚህ ሚዛን ዐድዋን እንይ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛውና በኢጣልያንኛው ቃል ስለ ተለያየ ክርክር በተነሣ ጊዜ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ወዲያው ጦር አላዘመቱም። ለኢጣልያ ንጉሥ እየጻፉ ተከራከሩ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን ለመንግሥታት አስታወቁ፤ የክተት ዐዋጅ ያስነገሩት ጠላት ትግራይን ከያዘ በኋላ ነው። በመቀሌም ምሽግ ውኃ የተከለከለውን የኢጣልያ ጦር ሊጨርሱት ሲችሉ፥ መሣሪያውን እንደ ያዘ እንዲወጣ ፈቀዱለት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል ከተገኘ በኋላም መረብን ተሻግረው አልገፉም፤ በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ፤ ምርኮኞቹም ወደ ሀገራቸው ተመለሱ።

ነገር ግን እውነት ለመናገር፥ በዚያው በዐድዋ ለኢጣልያ ያደሩ ወደ 800 የሚሆኑ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቈረጡ። ነጩ ምርኮኛ በምሕረት ወደ እናቱ ሲመለስ፥ የገዛ ሥጋችን የሆነው በጭካኔ ተቀጣ። ይህ በሕግ ስም የተደረገ ነው ቢባልም፥ ከድሉ ክብር ጋራ አብሮ ሊነገር የሚገባው ኀዘናችን ነው።

ሁለተኛው ፈተና በ1928 ዓ.ም. መጣ። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ነበረችና፥ በወልወል ግጭት በተነሣ ጊዜ ነገሯን ወደ ዤኔቭ አቀረበች እንጂ ወደ ጦር አልቸኰለችም። ማኅበሩ ግን አላዳናትም፤ በሕዝቧም ላይ የመርዝ ጢስ ዘነበ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም ብለው በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ጳጳሱ መስቀል እንጂ ጠመንጃ አልያዙም፤ ሆኖም ግፍን ግፍ ብሎ መጥራት የሰላም ሰው ሥራ መሆኑን በደማቸው አስተማሩ። ከዚያም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በከተማችን ዕልቂት ሆነ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተረሸኑ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፥ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ወንድሙ የተገደለበት ሰው እጁን ሰበሰበ፤ ከኢጣልያኖችም በሀገራችን የቀሩት በመካከላችን በሰላም ኖሩ። ይህ ምሕረት በዓለም ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነው።

ወንድሞቼ ሆይ፥ ለባዕድ የሰጠነውን ይህን ምሕረት ለወንድማችን ስንነፍግ ኖረናል። በጎጃም ጠላትን ያስጨነቁት አርበኛ በላይ ዘለቀ፥ ነፃነት በተመለሰ በ4ኛው ዓመት፥ በ1937 ዓ.ም. በሀገራቸው መንግሥት ፍርድ ተሰቀሉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደግሞ ወደ 60 የሚሆኑ ሹማምንትና መኰንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ከዚያ የተከተለውንም ደም ብዙዎቻችሁ በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። በደሉ የማን ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የታረቅነው ግን ከሩቁ ጋራ መሆኑን መካድ አይቻልም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ሰው በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ጥቂት ሳምንታት ተቀምጦ የጦር ትምህርት ተማረ። ካስተማሩትም አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ማንዴላ ወደ ጦር ትምህርት የመጣው በችኰላ አልነበረም። ከ1904 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው ማኅበሩ ሃምሳ ዓመት ያህል በአቤቱታና በሰላማዊ ሰልፍ ሲለምን ኖሮ፥ በ1952 ዓ.ም. በሻርፕቪል 69 ሰዎች በፖሊስ ጥይት ከሞቱ በኋላ ነው። መሣሪያ ባነሣም ጊዜ አስቀድሞ የመረጠው የሰው ነፍስ እንዳይጠፋ ተጠንቅቆ ሕንፃንና የመብራት ምሰሶን ማፍረስ ነበር። ወደ ሀገሩ እንደ ተመለሰ ተይዞ 27 ዓመት ታሰረ፤ በ1982 ዓ.ም. ተፈታ፤ በ1986 ዓ.ም. የሀገሩ መሪ ሆነ። ያን ጊዜ ካሰሩት ጋራ መንግሥትን ተካፈለ እንጂ አልተበቀለም። መምህሩ ታደሰ ብሩ ግን ጄኔራል ከሆኑ በኋላ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። ደቀ መዝሙሩ እርቅን አገኘ፤ መምህሩ በሀገራቸው አላገኙትም።

ታዲያ ሰላም እንዴት ይገኛል? በደቡብ አፍሪካ በ1988 ዓ.ም. የተቋቋመው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን፥ በሊቀ ጳጳሱ በዴዝሞንድ ቱቱ ሰብሳቢነት፥ ለፖለቲካ ብሎ የበደለ ሰው ያደረገውን ሁሉ በግልጥ ከተናገረ ምሕረት እንዲጠይቅ ፈቀደ። ሥራው ጉድለት ነበረበት፤ ብዙ የተበዳዮች ቤተ ሰብ አልረኩም። መንገዱ ግን ለእኛ ለካህናት እንግዳ አይደለም፤ ያልተነገረ ኀጢአት አይናዘዝምና። የሀገራችንም ሽማግሎች ደም ሲያደርቁ አስቀድመው ገዳዩን ያናግሩታል፤ ከዚያ በኋላ ካሣ ያስቈርጡታል፤ በመጨረሻ ሁለቱን ወገን በአንድ ማዕድ ያስቀምጣሉ። እውነት፥ ካሣ፥ ማዕድ በየተራቸው ይመጣሉ፤ ማዕዱን አስቀድሞ እውነቱን የሚዘልል እርቅ አይጸናም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰሜኑን ጦርነት ለማቆም ስምምነት የተፈረመው በፕሪቶርያ ከተማ ነው። እኛ በኮልፌ ጦር ላስተማርነው ሰው ሀገር፥ እኛ ራሳችን ተኵስ ለማቆም ሄድን። ፊርማ ተኵስን ያቆማል፤ ደም የሚደርቀው ግን በየአጥቢያው፥ በየንስሐ አባቱ ፊት ነው።

የሰፈራችን ስም ሁለት ነው፤ ኮልፌ የወታደር ትምህርት ቤት የነበረበት፥ ቀራንዮ ሰይፍህን ወደ ሰገባው መልስ ያለው ጌታ የተሰቀለበት ስም ነው። በቅኔ ቤት ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ይፈሳል ብለን እንማራለን። ጦርነትም ግድ ቢሆን እንደ ሰሙ ነው፤ ሰላም ሲመጣ ቀልጦ ካልጠፋ ወርቁ ቅርጽ አይዝም።

ለእናቲቱ ያልኩትን ልንገራችሁና ልጨርስ። «ልጅዎን ወደ ንስሐ አባቱ ያምጡት፤ ያየውን ሁሉ ሳይደብቅ ይናገር። ከዚያም ለወደቁት ለሁለቱም ወገን ጸሎት ያድርስ፤ የገደለውም ሰው እናት አለችውና» አልኳቸው። እናንተም በዚህ ኢዮቤልዩ የተጣላችሁ ሁሉ፥ ከበዓሉ ማዕድ በፊት ሽማግሌ ፈልጉ። ያ ወጣት አሁን በደጀ ሰላሙ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ወደ ውስጥ የሚገባበትንም ቀን ከእናቱ ጋራ እንጠብቃለን።