የሰውነት መገጣጠሚያ

የሰውነት መገጣጠሚያ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አጥንቶች የሚገናኙበት የሰውነት ክፍል ነው። አጥንት ራሱ አይተጣጠፍም፤ ሰው የሚራመደው፣ የሚጎርሰውና አንገቱን የሚያዞረው በመገጣጠሚያዎች አማካኝነት ነው። የአዋቂ ሰው አካል አብዛኛውን ጊዜ 206 አጥንቶች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ከሌላ አጥንት ጋር የማይገጣጠመው ከምላስ ሥር የሚገኘው የሃዮይድ አጥንት ብቻ ነው። መገጣጠሚያዎች እንደ እንቅስቃሴያቸው መጠን በሦስት ይከፈላሉ።

የማይንቀሳቀሱ መገጣጠሚያዎች

የራስ ቅል አጥንቶች ክር መሰል በሆነ ጠንካራ ኅብረ ሕዋስ የተያያዙ ናቸው። በሕፃናት ላይ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ክፍተት እርግብግቢት ይባላል። ክፍተቱ በወሊድ ጊዜ ጭንቅላቱ በቀላሉ እንዲያልፍ፣ በኋላም አንጎል እንዲያድግ ይረዳል። ከግንባር በላይ ያለው እርግብግቢት ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይገጥማል። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሕፃን እርግብግቢቱ ከሰረጎደ ሰውነቱ ብዙ ፈሳሽ ማጣቱን ስለሚያመለክት በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

በጥቂቱ የሚንቀሳቀሱ መገጣጠሚያዎች

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች የዚህ ዓይነት ምሳሌ ናቸው። ዲስኮቹ ቀን በሰውነት ክብደት ተጨምቀው ውኃ ያጣሉ፤ ሌሊት ሰው ሲተኛ መልሰው ይመጣሉ። በዚህም ምክንያት ሰው ጠዋት ከማታው በመጠኑ ይረዝማል።

በነፃነት የሚንቀሳቀሱ መገጣጠሚያዎች

በእነዚህ መገጣጠሚያዎች የአጥንቶቹ ጫፍ በልም አጥንት የተሸፈነ ሲሆን፣ በመካከላቸው የእንቁላል ነጭ የሚመስል አለስላሽ ፈሳሽ አለ። ስድስት ዓይነቶች አሏቸው፦

• ማጠፊያ መሰል፦ እንደ በር ማጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ምሳሌ፦ ክርን። ጉልበትም እዚህ ይመደባል፤ ሆኖም ሲታጠፍ በመጠኑ ይዞራል።
• ዘዋሪ፦ አንዱ አጥንት በሌላው ዙሪያ ይዞራል። ምሳሌ፦ የመጀመሪያውና የሁለተኛው የአንገት አጥንት።
• እንቁላል መሰል፦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንቀሳቀሳል። ምሳሌ፦ የእጅ አንጓ።
• ኮርቻ መሰል፦ በአውራ ጣት ሥር ይገኛል። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ፊት ለፊት እንዲገናኝ ስለሚያደርግ እርሳስ ለመያዝም ሆነ እንጀራ ለመቁረስ ያስችላል።
• ተንሸራታች፦ ጠፍጣፋ ገጾች እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ምሳሌ፦ በእጅ አንጓ ውስጥ ያሉ ትናንሽ አጥንቶች።
• ኳስ መሰል፦ ክብ ጫፍ በጎድጓዳ ውስጥ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። ምሳሌ፦ ትከሻና ዳሌ።

እንቅስቃሴና ጥንካሬ

መገጣጠሚያ የመንቀሳቀስ ነፃነቱ በጨመረ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ጥንካሬው ይቀንሳል። የዳሌ ጎድጓዳ ጥልቅ በመሆኑ በቀላሉ አይወልቅም። የትከሻ ጎድጓዳ ግን ጥልቀት ስለሌለው፣ ከትልልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚወልቀው ትከሻ ነው።

ጉዳት

አጥንቶችን የሚያያይዘው ጅማት ከመጠን በላይ ሲለጠጥ ወይም ሲበጠስ ወለምታ፣ አጥንቱ ከቦታው ሲወጣ ደግሞ ውልቃት ይባላል። በኢትዮጵያ ብዙ ሰዎች ለሁለቱም መጀመሪያ ወደ ወጌሻ ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ ከውልቃት ጋር ስብራት አብሮ ሊኖር ስለሚችል፣ በራጅ ሳይታይ መጎተት ነርቭንና የደም ሥርን ሊጎዳ ይችላል። አጥብቆ ማሰርም የደም ዝውውርን ይገታል። ከታሰረ በኋላ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያውን ወዲያውኑ ፈትቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ መዘግየት እጅን ወይም እግርን እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል።