ባንዱ ቤት ውስጥ ሌላውን ማስነሣት

ለትምህርት ቤታችን በዓል ዕቃ ቤቱ ሲጸዳ ዶስ የሚባለው ሥርዓተ ክወና ያለበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ተገኘ። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ሊኑክስን ልናስነሣበት ፈለግን። ዲስኩን እንደ ገና እንዳንከፋፍለው ግን የቀድሞ ተማሪዎች የጻፏቸው ድርሰቶች በላዩ ነበሩ፤ ሌላ ቅጂም የላቸው። ስለዚህ ዶስን ሳናፈርስ ከዶስ ውስጥ ሊኑክስን ማስነሣት ነበረብን። ኮምፒዩተሩም ሦስት ቀን ሙሉ እንቢ አለን። ምክንያቱን ስንመረምር ወደ ታሪኩ ገባን፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሊኑክስ ራሱ የተወለደው በሰው ቤት ነው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የመጀመሪያውን ሊኑክስ ሲሠራ የሚጽፈው በሚኒክስ ላይ ነበር፤ ሚኒክስም ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባውም በ1987 ለማስተማሪያ ያወጡት ሥርዓት ነው። አንድ ቀን ሊኑስ በሞደም ሊደውል ሲል ትእዛዙን በስሕተት ወደ ዲስኩ ላከውና ሚኒክሱን አበላሸው። እርሱም ሚኒክስን መልሶ በመጫን ፈንታ በገዛ ሥራው ለመኖር ቈረጠ። ይህ ለእርሱ መልካም ሆነለት፤ በአባቱ ኮምፒዩተር የሚማር ልጅ ግን እንዲህ ያለ ስሕተት ቢሠራ ምን እንደሚጠብቀው እናውቃለን።

ለእንደዚህ ያለው ሰው በ1990ዎቹ ሐንስ ሌርመን ሎድሊን የሚባል ፕሮግራም ሠራ። ሎድሊን እንደ ማንኛውም የዶስ ፕሮግራም ይጀመራል፤ የሊኑክስን ከርነል ከዶስ ዲስክ አንብቦ በማኅደረ ትውስታ ያኖረዋል፤ ከዚያም ዶስ የነበረበትን ስፍራ አስለቅቆ ሥልጣኑን ለከርነሉ ያስረክባል። ወደ ዶስ መመለሻው ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ማስነሣት ብቻ ነው። ሌላም ጥቅም ነበረው። በዚያ ዘመን ብዙ ኮምፒዩተሮች ሲነሡ ከዲስኩ 1024ኛ ሲሊንደር ወዲያ ያለውን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ሎድሊን ግን ከርነሉን ዶስ ከሚያነብበት ስፍራ ሁሉ ያገኘዋል። አንዳንድ የድምፅ ካርዶችም በዶስ ድራይቨር ካልተቀሰቀሱ ለሊኑክስ አይታዘዙም ነበር።

አሁን ወደ እንቢታው እንመለስ። በ1985 የወጣው ኢንቴል 80386 ፕሮሰሰር፣ በ1978 የወጣውን 8086 አስመስሎ የሚሠራበት አንድ ጠባይ አለው። ኢ.ኤም.ኤም.386 የሚባለው የማኅደረ ትውስታ አስተዳዳሪ ዶስን በዚህ አስመሳይ ጠባይ ውስጥ ያኖረዋል። ዶስ ጌታ የሆነ ይመስለዋል፤ እውነተኛው ጌታ ግን አስተዳዳሪው ነው። ሎድሊን ፕሮሰሰሩን ለሊኑክስ ለማስረከብ ከአስተዳዳሪው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የፈቃዱ መንገድ ከተዘጋ ሥራውን ትቶ ይወጣል። የእኛም ነገር ይኸው ነበር። ሁለት ቀን ያጠፋነው ጥፋቱን በዲስኩ ስንፈልግ ነው፤ መልእክቱን በጥንቃቄ ብናነብ ኖሮ በአንድ ሰዓት ባለቀ! ዶስ 6 ሲነሣ ኤፍ 8 የሚባለው ቍልፍ ሲጫን የመነሻ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ የኢ.ኤም.ኤም.386ን መሥመር «አይሁን» ብለን አለፍን።

ከርነሉ ተነሣና እንደ ገና ቆመ፤ ሥሩን የሚተክልበት የፋይል ሥርዓት አጥቶ ነበር። ፋይሎቹን ያኖርናቸው በዚያው በዶስ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ማኅደር ነው፤ ይህን የሚያስችለው ዩ.ኤም.ኤስ.ዶስ የሚባለው ዘዴ ነው። እኛ ግን የዲስኩን አንደኛ ክፍል በማለት ፈንታ ሁለተኛ ብለን ጽፈን ኖሯል። ቍጥሩ ሲታረም ሊኑክስ ተነሣ።

የሎድሊን ዘመን አጭር ነበር። ዊንዶውስ 95 ከሥሩ ዶስ ስለ ነበረው መንገዱ አልተዘጋም፤ በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስ ፒ ግን በዶስ ላይ የቆመ አልነበረም። ሐሳቡ በሊኑክስ በራሱ ቀጠለ፤ በ2005 በወጣው 2.6.13 ከርነል ውስጥ ኬክሴክ የሚባለው የኤሪክ ቢደርማን ሥራ ገባ፤ አንዱ ከርነል ሌላውን ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ያስነሣል። ችግሩም ከእኛው የሚመሳሰል ነው፤ አሮጌው ከርነል ያዘዘው የኔትወርክ ካርድ እንዲያቆም ካልተነገረው፣ ጌታው ከሄደ በኋላም ወደ ማኅደረ ትውስታ መጻፉን ይቀጥልና አዲሱን ሊያበላሽ ይችላል።

በሦስተኛው ቀን ማታ ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ዶስን መልሰን አስነሣን። ድርሰቶቹን ከዝርዝራቸው ጋር አስተያየን፤ አንድም አልጐደለም።