የኢዮንያ ስም በሌሎች አፍ

እ.ኤ.አ. በ1799 በናይል መፍሰሻ አጠገብ በፈረንሳይ ወታደሮች የተገኘው የሮዜታ ድንጋይ ዝናው የግብጽን ጥንታዊ ፊደል ለማንበብ ቁልፍ ከመሆኑ የመጣ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ራሱ ምን እንደሚል ብዙ ሰው አይጠይቅም። ጽሑፉ የግብጽ ካህናት በ196 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ለአምስተኛው በጥሊሞስ ክብር ያወጡት ውሳኔ ነው። መዝጊያው ላይ ውሳኔው በሦስት ዓይነት ጽሕፈት እንዲቀረጽ ያዝዛል። የግሪክኛው ክፍል የራሱን ፊደል የሄሌናውያን ፊደል ይለዋል፤ ግሪኮች ራሳቸውን የሚጠሩት እንዲያ ነውና። በግብጽ የዘወትር ጽሕፈት የተቀረጸው ክፍል ግን ያንኑ ፊደል የ«ወይኒን» ጽሕፈት ይለዋል። ወይኒን በግብጻውያን አፍ የተለወጠ የኢዮናውያን ስም ነው። ንጉሡ በዘሩ መቄዶንያዊ፣ ዋና ከተማው እስክንድርያ ነው። ኢዮንያ ከዚያ በባሕር ብዙ ቀን የሚያስኬድ ሩቅ ዳርቻ ናት። ታዲያ የአንድ ትንሽ ዳርቻ ሰዎች ስም እንዴት የአንድ ትልቅ ሕዝብ ሁሉ ስም ሆነ? ከዚያም አልፎ እስከ ሕንድ የተሻገረው በማን ጀርባ ታዝሎ ነው?

ኢዮንያ የሚባለው በዛሬዋ ቱርክ ምዕራባዊ ጠረፍ ያለ ጠባብ የባሕር ዳር መሬትና ፊት ለፊቱ ያሉት የኪዮስና የሳሞስ ደሴቶች ነበር። በጥንት ጊዜ ማኅበር ገብተው በጋራ መቅደስ ይሰባሰቡ የነበሩት ከተሞቹ 12 ናቸው። ኤፌሶንና ሚሊጢን ለአማርኛ አንባቢ ከሐዋርያት ሥራ የታወቁ ናቸው፤ የዛሬዋ ኢዝሚር፣ የያኔዋ ሰምርኔስ፣ ኋላ ተጨምራለች። ከግሪክና ከኢጣልያ መካከል ያለው የኢዮንያ ባሕር ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ በግሪክኛ አጻጻፉም የተለየ ነው፤ በእኛ ፊደል ብቻ ነው መንትያ የሚመስሉት። የኢዮናውያን ስም ቀደም ሲል «ኢያዎኔስ» የሚል መልክ ነበረው። መካከሉ ላይ የነበረው የ«ወ» ድምፅ በባለቤቶቹ አፍ ጠፋ፤ በጎረቤቶቻቸው አፍ ግን ቀረ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ከያፌት ልጆች መካከል የተቆጠረው ያዋን ይኸው ስም ነው። ጎረቤቶቹ «ወ»ን ይዘው መቅረታቸው ስሙን የተቀበሉት ድምፁ ከኢዮናውያን አፍ ሳይጠፋ፣ ማለትም እጅግ ቀደም ብለው፣ እንደሆነ ያሳያል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የዝና መልስ ነው። የሚሊጢኑ ታሌስ ፍልስፍናን ጀመረ፣ የኢዮንያ ነጋዴዎች ከጥቁር ባሕር እስከ ናይል ከተማ ቆረቆሩ፣ ስለዚህ ዓለም ግሪኮችን ሁሉ በእነርሱ ስም ጠራ ይባላል። ይህ መልስ ደስ ይላል፤ የዘመኑ ቅደም ተከተል ግን አይደግፈውም። ስሙን በምሥራቅ መዝገብ የምናገኘው ከታሌስ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ8ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. በአሦር ጽሑፎች ውስጥ ነው። በሦስተኛው ቴልጌልቴልፌልሶር ዘመን በፊንቄ ጠረፍ የነበረ ሹም ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ኢዮናውያን መጥተው ወረራ እንዳደረጉ ይገልጻል። ጥቂት ቆይቶ የነገሠው ዳግማዊ ሳርጎንም እነዚህኑ ሰዎች ከባሕር ላይ እንደ ዓሣ እንዳጠመዳቸው ይፎክራል። እዚህ ፈላስፋ የለም፤ ያለው የባሕር ወንበዴና እርሱን የሚያሳድድ መንግሥት ነው። ጸሐፊው ወንበዴው ከየትኛው ደሴት እንደመጣ፣ የትኛውን ዘዬ እንደሚናገር የሚያጣራበት ምክንያት አልነበረውም። ከባሕሩ ማዶ የሚመጣው ሁሉ አንድ መጠሪያ ይበቃው ነበር፤ አንዴ በመዝገብ ከገባ ደግሞ የሚቀጥለው ጸሐፊ ያንኑ ይገለብጣል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 27 ያዋንን ከጢሮስ ጋር ባሪያና የናስ ዕቃ ከሚነግዱት ሕዝቦች መካከል ሲቆጥረው የምናየው ያንኑ የጠረፍ ዕይታ ነው።

ስሙን ከጠረፍ ወደ አህጉር ያሻገረችው ፋርስ ናት። ቂሮስ ልድያን ድል ካደረገ በኋላ፣ በ546 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ የኢዮንያ ከተሞች በፋርስ እጅ ወደቁ። ከዚያ በኋላ «ያውና» የግብር መዝገብ ቃል ሆነ። ዳርዮስ በቢሶቱን ገደል ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ከሚገዛቸው አገሮች መካከል ያውናን ይዘረዝራል። በመቃብሩ ላይ ያለው ዝርዝር ይበልጥ ያስተምራል፤ እዚያ ጋሻ የሚመስል ባርኔጣ የሚደፉ ሌሎች ያውናዎችም ተጨምረዋል። ሊቃውንት እነዚህን መቄዶንያውያን ናቸው ይሏቸዋል። ኢዮንያን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች በባርኔጣቸው ተለይተው በኢዮናውያን ስም ተመዘገቡ ማለት ነው። የፋርስ የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ደግሞ ከግብጽ እስከ ሕንድ ደጃፍ ይሠራበት የነበረው አራማይክ ነበር። በአንዱ ጫፍ የተጻፈ ስም በሌላው ጫፍ ይነበባል። እንደ እኔ ግምት የስሙ መስፋፋት ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ባለቤቶቹ ይዘውት አልዞሩም፣ የመንግሥት ጸሐፊዎች በመዝገብ አዞሩት።

ባለቤቶቹማ ስሙን አልወደዱትም። ሄሮዶቱስ እንደሚነግረን አቴናውያንና አብዛኞቹ ሌሎች ኢዮናውያን በዚህ ስም መጠራትን ያፍሩበት ነበር፤ የሚኮሩበት 12ቱ ከተሞች ብቻ ነበሩ። አቴናውያን ግን የምሥራቅ ሰው ሁሉ እንደዚያ እንደሚጠራቸው አሳምረው ያውቁ ነበር። ኤስኪለስ በ472 ቅ.ል.ክ. ባቀረበው «ፋርሳውያን» በተሰኘው ተውኔት የፋርስ ገጸ ባሕርያቱ ግሪኮችን ኢዮናውያን እያሉ ይጠሯቸዋል። አሪስቶፋኒስም በ425 ቅ.ል.ክ. በመድረክ ላይ ያቆመው የፋርስ መልእክተኛ በተሰባበረ ግሪክኛ አቴናዊውን ሲሰድብ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው፤ ተመልካቹም የሳቀው ነገሩን ስለሚያውቀው ነው። በአገራችን ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሕዝብን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ጎረቤት ነው፤ ለዚያውም ሳይጠይቅ።

ከዝናው ክርክር ይልቅ የሚከብድ ሌላ ተቃውሞ አለ። ምናልባት በጥንት ዘመን «ኢያዎኔስ» የሚለው የጥቂት ከተሞች ሳይሆን የግሪኮች ሁሉ ስም ነበር፤ ጠባቡ ትርጉም በኋላ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ምሥራቃውያን ስሙን አላሰፉትም፣ የቀድሞውን ጠብቀው ቆዩ እንጂ ሊባል ይችላል። ሐሳቡ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ነገር ግን ከሁሉ የቀደመው ትልቅ የግሪክ ድርሰት፣ የሆሜር «ኢልያድ»፣ ግሪኮችን በጅምላ ሲጠራ አካውያን፣ ዳናውያን ወይም አርጊውያን ነው የሚላቸው። «ኢያዎኔስ» የሚለው በዚያ ሁሉ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ እዚያም ከቦዮትያውያንና ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን የተሰለፈ የአንድ ወገን ስም ነው። ስሙ የሁሉም ቢሆን ኖሮ ከሌሎቹ ጎን ባልቆመ ነበር። ግብጽንም በተመለከተ አንድ ነገር አምናለሁ፤ ስሙ እዚያ የገባው ፋርስ ከመምጣቷ በፊት ሊሆን ይችላል። ፈርዖን ፕሳሜቲክ በ7ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. የኢዮንያንና የካርያን ቅጥረኛ ወታደሮች አስገብቶ ነበር። ይህ ግን መንገዱን ይለውጠዋል እንጂ ዘዴውን አይለውጠውም፤ የሠራዊት ደመወዝ መዝገብም መዝገብ ነው።

ሕንድ ውስጥ ስሙ ያደረገው ጉዞ የባለቤቶቹ እጅ እንዳልነበረበት ከሁሉ አጥርቶ ያሳያል። በ3ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. አጋማሽ ንጉሥ አሾካ በዓለት ላይ ባስቀረጻቸው አዋጆች ዳግማዊ አንጥዮኮስን የ«ዮና» ንጉሥ ይለዋል። አንጥዮኮስ የመቄዶንያ መኳንንት ዘር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በመካከለኛው ሕንድ ሄሊዮዶሮስ የሚባል የታክሲላ ሰው ለቫሱዴቫ አምላክ የድንጋይ ዓምድ አቆመ፤ በጽሑፉም ራሱን የዮና መልእክተኛና የአምላኩ ተከታይ ብሎ ሰየመ። እዚህ ላይ ስሙን ሌላ ሰው አልለጠፈበትም፤ ራሱ በሕንድ ቋንቋ ሲናገር የሕንዶችን መጠሪያ ተቀበለ። የደቡቡ የታሚል ግጥም ደግሞ ወርቅ ይዘው መጥተው ቁንዶ በርበሬ ጭነው የሚመለሱ የ«ያቫናር» መርከቦችን ያነሣል፤ ይህ በሮማ ዘመን ከግብጽ ወደቦች በቀይ ባሕር በኩል የሚመጣው ንግድ ነው። ከዚያም ዘመናት አለፉና በሳንስክሪት «ያቫና» ከምዕራብ የመጣ ባዕድ ሁሉ፣ በመካከለኛው ዘመንም ሙስሊም የሚል ትርጉም ያዘ። ከኤጅያን ባሕር ዳር የተነሣ ስም በዴልሂ ለቱርክና ለአፍጋን ገዢዎች ተሰጠ። በስሙ ብቻ ተመርቶ የዘር ሐረግ የሚቆጥር ሰው እዚህ ላይ መንገድ ይጠፋበታል።

እንዲህ ዓይነቱን ሐረግ የቆጠሩ ግን ነበሩ። ዐረቦች ስሙን «ዩናን» ብለው ወርሰው ከ«ሩም» ለዩት፤ ሩም የቁስጥንጥንያ ክርስቲያኖች፣ ዩናን ደግሞ የአርስጣጣሊስና የአፍላጦን ሕዝብ ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት የባስራው ጸሐፊ አል-ጃሒዝ በዚህ ልዩነት ላይ ሙሉ ክርክር ገነባ፤ ፈላስፎቹ ዩናን እንጂ ሩም አይደሉም፣ ስለዚህ ቢዛንታውያን በእነርሱ ጥበብ ሊመኩ አይገባም ሲል። አል-መስዑዲ እንደሚነግረን ደግሞ ፈላስፋው አል-ኪንዲ ዩናንን የደቡብ ዐረቦች አባት ለሚባለው ለቀሕጣን ወንድም አድርጎት ነበር። ወደ ዐረብኛ የተተረጎመው የግሪክ ሕክምና በፋርስ በኩል ሕንድ ገብቶ ዛሬም «ዩናኒ» ሕክምና ተብሎ በመንግሥት ዕውቅና በኮሌጅ ይሰጣል። መሠረቱን ጣሉ የሚባሉት ሂፖክራተስ ከቆስ፣ ጋለን ከጴርጋሞን ናቸው፤ ሁለቱም ከ12ቱ ከተሞች አይደሉም።

የክርክሬ ፈተና ከፋርስ መዝገብ ውጭ የቀሩት አገሮች ናቸው። ሮማውያን ግሪኮችን የተዋወቁት በምዕራብ በኩል ነው፤ ግሬኪ የሚለው መጠሪያቸው፣ አርስጣጣሊስ እንደሚለው በኤጲሮስ በኩል ከነበረ የቆየ ስም ጋር ይገጥማል፤ የአውሮፓ ቋንቋዎችም ከእነርሱ ወረሱት። አርመንያ በፋርስ ሥር የኖረች ስለሆነች ግሪክን ሁናስታን ትላለች፤ ይህም ከያዋን የወጣ ነው። ጎረቤቷ ጆርጅያ ግን ሳበርዝኔቲ ነው የምትለው፤ ፋሲስ የተባለውን ወደብ በጠረፏ ላይ የቆረቆሩት የሚሊጢን ሰዎች ናቸው እየተባለ እንኳ። እውነተኛ ኢዮናውያን ደጇ ድረስ መጥተው ስማቸው አልተከተላቸውም። አክሱምም ከዚህ ወገን ናት። የአክሱም ነገሥታት በግሪክኛ ሳንቲም መቱ፣ ዒዛና በግሪክኛ ጽሑፍ አስቀረጸ፤ ግሪክኛ ራሱ በቀይ ባሕር በኩል በቀጥታ መጣ። የግእዝ ሰው ግን ቋንቋውን የጠራው ጽርእ ብሎ ነው። ዮናናዊ የሚለው ወደ መጻሕፍታችን በብዛት የዘለቀው በመካከለኛው ዘመን ከዐረብኛ በተመለሱ ሥራዎች በኩል ሲሆን፣ ግሪክ የሚለው ከአውሮፓ መጣ። ሦስቱም ስሞች በአንድ የአማርኛ አንባቢ ዘንድ አሉ፤ እያንዳንዱ በየትኛው መንገድ እንደገባ ግን ለየብቻው ይናገራል። ፈረንጅ የሚለውም በዐረብኛው በር የገባ ነው፤ በራይን ወንዝ ዳር የኖሩ የፍራንኮች ስም በመስቀል ጦርነት ዘመን በምሥራቅ ሜዲትራንያን የአውሮፓዊ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ወደ እኛ ደረሰ።

አንድ ሰው ይህ ሁሉ የስህተት ታሪክ ነው፣ ስሙ ከባለቤቱ ውጭ ላለ ሁሉ ስለተሰጠ እውነትነቱን አጥቷል ሊል ይችላል። በዒዛና ጽሑፍ ውስጥ ግን በአገሬው ቋንቋ ሐበሠት የተባለው ሕዝብ በግሪክኛው ትይዩ ኢትዮጵያውያን ተብሏል፤ ግሪኮች ከግብጽ በስተደቡብ ላለው ሁሉ የሰጡትን ያን ስም ንጉሡ አልተቃወመም፣ በኋላም የአገሪቱ ስም ሆኖ ጸና። የውጭ ሰው ያወጣው ስም እውነት የሚሆነው ተጠሪው ሲቀበለው ነው፤ ግሪኮች ደግሞ ለዩናን እስከ ዛሬ አቤት አላሉም። ቱርክኛ ግሪክን ዩናኒስታን ይላል፤ በራሱ ምድር የኖሩትን ግሪኮች ግን ሩም ይላቸዋል። በዚህ አጠራር በ1923 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የግሪክና የቱርክ የሕዝብ ልውውጥ ስምምነት በፊት በኢዮንያ ዳርቻ የኖሩት ግሪኮች ዩናን አልነበሩም፤ ዩናን የተባሉት ከባሕሩ ማዶ ያሉት ናቸው። የዳርቻው የጥንት ስምም ወደ ቱርክኛ ተመልሷል፤ የገባው ግን ከምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ተቀድቶ «ኢዮንያ» ተብሎ ስለሆነ፣ በኢዝሚር ትምህርት ቤት ሁለቱ ቃላት እንደ ሁለት ባዕዳን በአንድ የታሪክ መጽሐፍ ጎን ለጎን ይገኛሉ።